የተላጠው ኒኬል

በየቤታችን የተላጠ ብረት አይጠፋም። የመጋረጃ ዘንግ ይሁን፣ የበር እጀታ፣ የመስታወት ክፈፍ፣ ወይም ከእናት የተወረሰ አልጋ፣ ሲገዛ ፊት ያሳይ የነበረው ኒኬል ዓመታት ሲያልፉ ይፋቅና ከሥሩ ቡናማው ዝገት ብቅ ይላል። ውድ አንባቢያት፣ ይህን ጋዜጣ የያዛችሁበትን ክፍል ዞር ዞር ብላችሁ ብትመለከቱ አንድ ሁለት እንዲህ ያለ ዕቃ ሳታገኙ አትቀሩም። ታዲያ ምን እናድርገው? ለቁራሌው እንስጠው? ተበድረን ተለቅተን አዲስ እንግዛ? ወይስ ከቀለም መደብር አንድ ጣሳ የሚረጭ ቀለም አምጥተን ራሳችን እንደገና እናብራው?

ዛሬ የማወጋችሁ ስለ ሦስተኛው መንገድ ነው። ላይ ላዩን ሲታይ ቀላል የጓዳ ሥራ ይመስላል። ነገር ግን የገንዘብም፣ የጤናም፣ የቤተሰብ ቅርስም ጉዳይ አለበት፤ እኔ በምኖርበት በየካ አባዶ ደግሞ የእንጀራ ጉዳይም ሆኖ አይቼዋለሁ።

አባዶን የማታውቁ ካላችሁ፣ በአዲስ አበባ ምሥራቃዊ ጫፍ በአያትና በጣፎ በኩል የሚገኝ፣ ዛሬ በለሚ ኩራ ክፍለ ከተማ ሥር ያለ ሰፊ የጋራ መኖሪያ ቤቶች መንደር ነው። ብዙዎቻችን የገባንበት በ2007 ዓ.ም. ዕጣ ወጥቶልን ነው። ዕጣ ሲወጣ እልልታው ይቀልጣል፤ ቁልፉን ተቀብሎ በሩን የከፈተ ሰው ግን ወለሉን ሲሚንቶ፣ ግድግዳውንም ቀለም ያልነካው ሆኖ ያገኘዋል። ስለዚህ የነበረችን ጥሪት ሁሉ በሴራሚኩ፣ በበሩና በቧንቧው አለቀች። ዕቃ መግዣ ከየት ይምጣ? በአይሱዙ ተጭኖ ወደ አዲሱ ቤት የገባው ያው አሮጌው ዕቃችን ነው። አዲስ በተቀባ ነጭ ግድግዳ ሥር ሲቀመጥ ደግሞ በጭቃው ቤት ሳለ ያላየንበት እርጅና ሁሉ ፈጥጦ ወጣ።

ከዚያ አሮጌ ዕቃ መካከል አንዱ የእናቴ አልጋ ነበር። ራስጌውና ግርጌው ከብረት ቧንቧ የተሠራ፣ በአራቱ ማዕዘን ሎሚ ሎሚ የሚያካክሉ ኒኬል የተነከሩ ኳሶች የተሰኩበት አልጋ ነው። አምስታችንንም ያሳደገችን በእሱ ላይ እያስተኛች ነው። አባዶ ሲደርስ ኒኬሉ እንደ ድንች ልጣጭ ተነሥቶ፣ ጠርዙም የልጅ ጣት የሚቆርጥ ስለት ሆኖ ነበር። ወንድሞቼ «ምናለሽ ተራ ወስደን በኪሎ እንሽጠው» አሉ። «ልዋጭ!» እያለ በሕንፃው ሥር የሚያልፈው ልጅም ሁለት የፕላስቲክ ሳፋ ሊሰጥበት ተስማምቶ ነበር። እናቴ ግን «አልጋዬን በሳፋ ለውጣችሁ እኔን ሳፋው ውስጥ ልታስተኙኝ ነው?» ብላ ነገሩን ዘጋችው።

እኔ እቀባዋለሁ ስል ደግሞ ሌላ ክርክር ተነሣ። «ይኼ ኒኬል ነው፤ ቀለም አይደለም። ቀለም ቀብቶ ኒኬል ነው ማለት ውሸት ነው» አለችኝ። አነጋገሯ ሲያስቡት እውነትነት አለው። ስለሆነም ስለ አቀባቡ ከመናገሬ አስቀድሞ በሁለቱ መካከል ያለውን ልዩነት ማስረዳት ይገባል።

ኒኬል የተነከረ ስንል በእርግጥም ተነክሮ ነው። ብረቱ ይጠረግና የኒኬል ጨው በሟሟበት ገንዳ ውስጥ ተሰቅሎ ኤሌክትሪክ ይለቀቅበታል። ኤሌክትሪኩ ኒኬሉን ከውሃው እየለየ በብረቱ ላይ ያለብሰዋል። ጥበቡ የቆየ ነው፤ ሉዊጂ ብሩኛቴሊ የተባለ ኢጣሊያዊ ሊቅ የአገሩ ሰው ቮልታ በፈለሰፈው ባትሪ እየተጠቀመ ብርን ወርቅ ያለበሰው እ.ኤ.አ. በ1805 ነው። ክሮም የሚባለው የኋላ መጥ ሲሆን፣ ብዙውን ጊዜ በኒኬሉ ላይ የሚደረብ እጅግ ስስ ልባስ ነው፤ ውፍረቱ ከአንድ ሚሊ ሜትር አንድ ሺኛውን እንኳ አይሞላም። ሁለቱን ለመለየት ብትፈልጉ ክሮም ወደ ሰማያዊነት ያደላል፣ ኒኬል ደግሞ ወደ ቢጫነት። ይህን ማወቅ ቀለም ስትመርጡ ይጠቅማችኋል።

እንግዲህ በመንከር የለበሰው ብረት ራሱ ብረት ነው፤ ከሥሩ ካለው ጋር ተጣብቆ አንድ ይሆናል። የሚላጠው በጭረት ወይም በዓይን በማይታይ ቀዳዳ እርጥበት ገብቶ የታችኛው ብረት ሲዝግ ነው። ዝገት ቦታ ይፈልጋልና እያበጠ ኒኬሉን ወደ ላይ ይገፋዋል። «ታዲያ ለምን ቤታችን አንነክረውም?» የሚል አይጠፋም። አይሆንም። የተለመደው የክሮም ገንዳ ካንሰር የሚያመጣ የክሮም ውሕድ የተሞላ ነው፤ ወርቅና ብር የሚነከርበት ገንዳ ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ሳያናይድ የተባለው ገዳይ መርዝ አለበት። ይህ ፈቃድና የአየር መሳቢያ ያለው ወርክሾፕ ሥራ እንጂ የጓዳ ሥራ አይደለም።

የሚረጨው ቀለም ከዚህ ፈጽሞ የተለየ ነው። ብርማው ቀለም ውስጥ ያለው በጣም የደቀቀ የአሉሚኒየም ቅርፊት ነው። ወርቃማው ውስጥ ደግሞ የመዳብና የዚንክ ቅልቅል የሆነ የናስ ብናኝ፣ ወይም ቢጫ ቀለም የተነከረ አሉሚኒየም ይገኛል። እነዚህ ቅርፊቶች በሙጫና በማሟሟያ ውስጥ ተበትነው ይቆዩና ሲረጩ እንደ ዓሣ ቅርፊት ተደራርበው ይተኛሉ። ብርሃን ሲያርፍባቸው ያበራሉ። ጣሳውን ስትነቀንቁት የሚንኳኳው ኳስ ሥራው ከታች የዘቀጡትን ቅርፊቶች ማንቃት ነው። ሁለት ደቂቃ ሙሉ ሳይነቀነቅ የተረጨ ቀለም ግማሹ ውሃ ግማሹ ጭቃ ይሆናል።

እግረ መንገዴን አንድ ነገር ልጨምር፤ ይህን ዓምድ ለምታነቡ እመቤቶች ደስ የሚላችሁ ይመስለኛል። ፈሳሽን በጋዝ ግፊት ከጣሳ የመርጨትን ዘዴ ኤሪክ ሮትሃይም የተባለ የኖርዌይ ሰው እ.ኤ.አ. በ1920ዎቹ ፈልስፎት ነበር። ቀለምን በጣሳ አድርጎ የሸጠው ግን በአሜሪካ ኢሊኖይ ግዛት የቀለም ነጋዴ የነበረው ኤድዋርድ ሲሞር ነው፤ ዘመኑም 1949 እ.ኤ.አ. ነው። ሲሞር ለቤት ማሞቂያ ብረቶች የሚሆን የአሉሚኒየም ቀለሙን ለገዢ ማሳየት አስቸግሮት ሳለ፣ «ለምን በሚረጭ ጣሳ አታደርገውም?» ያለችው ሚስቱ ቦኒ ናት። እንግዲህ ከጣሳ የተረጨው የመጀመሪያው ቀለም ቀይ ወይም ሰማያዊ ሳይሆን ብረት መሳዩ ብርማ ቀለም ነበር። ሐሳቡም የሴት ነበር።

አሁን ወደ ሥራው እንግባ። ዕቃውን በሞቀ ውሃና በፈሳሽ ሳሙና አጥቡት። ማዕድ ቤት የቆየ ብረት የዘይት ጭስ ይለብሳል፤ ቅባት ባለበት ላይ ደግሞ ቀለም ክብ ክብ ቀዳዳ እየሠራ ይሸሻል። የተነሣውን ኒኬል ወፍራም ጓንት አድርጋችሁ በደነዘዘ ቢላ ፈንቅሉት። ጠርዙን አናጢዎች በሚጠቀሙበት የብርጭቆ ወረቀት እያሻሻችሁ፣ ጣታችሁ ከፍታና ዝቅታ እስካይሰማው ድረስ አስተካክሉት። ብዙ ሰው የሚዘለው ቀጥሎ ያለውን ነው። ገና ደህና ሆኖ የሚያበራውንም ኒኬል ማደብዘዝ ያስፈልጋል። «ይኼ እንኳ ጤነኛ ነው» ብላችሁ ብትተዉት፣ ቀለሙ ልሙጥ ነገር ላይ መያዣ አጥቶ በሁለት ወር ውስጥ እንደ ተቃጠለ ቆዳ ይገፈፋል።

ስታሹ ግን ደረቁን አትሹት። በተለይ አሮጌ ቀለም ያለበትን ብረት በውሃ እያራሳችሁ አሹት፤ የወጣውንም ዝቃጭ በጨርቅ ጠርጋችሁ በፌስታል ቋጥራችሁ ጣሉት። ምክንያቱም የድሮ ቀለም፣ በተለይ የብረት ቀለም፣ እርሳስ ሊኖርበት ይችላል። የእርሳስ ብናኝ የሕፃናትን አእምሮ ይጎዳል፤ ጉዳቱም የማይመለስ ነው። በአገራችን የቀለም እርሳስ ከአንድ ሚሊዮን 90 እጅ እንዳይበልጥ የሚከለክል ደንብ የወጣው እ.ኤ.አ. በ2018 ነውና፣ ከዚያ በፊት የተቀባን ነገር ሁሉ መጠርጠር አይከፋም። የእናቴን አልጋ ባሸሁበት ቀን ልጆቼን እህቴ ቤት ልኬአቸው ነበር።

ብረቱ ከደረቀ በኋላ ዝገት የታየበትን ሁሉ አንቲረስት ቀቡት፤ እሱም ይድረቅ። ከዚህ በኋላ ያለው ነገር ብዙዎችን ያስገርማል። ኒኬል ወይም ክሮም እንዲመስል የምትፈልጉትን ብረት በመጀመሪያ ጥቁር ታደርጉታላችሁ፤ ያውም የሚያበራ ጥቁር። እናቴ በዚያን ዕለት በረንዳ ላይ ቆማ ስታየኝ «አብሪልኝ ብዬሽ ከሰል አደረግሽው!» ብላ አማትባለች። ምክንያቱ ግን ግልጽ ነው። ብርማው ቅርፊት እጅግ ስስ ሆኖ ስለሚረጭ ከሥሩ ያለው ቀለም ያሳልፋል። ሥሩ ነጭ ወይም ግራጫ ከሆነ ውጤቱ የቆርቆሮ ጣሪያ ነው። ሥሩ ጥቁርና ልሙጥ ሲሆን ግን ጥላና ብርሃን ተለይቶ ይታይና ዓይን ብረት ነው ብሎ ይቀበለዋል።

ወርቃማ ለምትፈልጉት ደግሞ ሥሩ ቀይ ቡናማ ይሁን። ይህን እኔ አልፈጠርኩትም፤ የወርቅ ቅጠል በእንጨት ላይ የሚለብጡ ባለሙያዎች ከጥንት ጀምሮ ከሥሩ ቀይ ሸክላ ያደርጋሉ። ቀዩ ወርቁን ያሞቀዋል። በነጭ ላይ የተረጨ ወርቃማ ግን የከረሜላ ወረቀት ይመስላል። ያረጀ ናስ እንዲመስል ከፈለጋችሁ፣ ወርቃማው በሚገባ ከደረቀ በኋላ ጥቁር ቡናማ የውሃ ቀለም በጨርቅ ቀቡና ወዲያው ጥረጉት፤ በጎድጓዳውና በስፌቱ ውስጥ የቀረው ጥቁረት የዘመን ምልክት ይሆናል። ከሁሉም ለእኔ የሚያምረኝ ይኸኛው ነው። ጓደኞቼ ግን የሚያብረቀርቀውን ይመርጣሉ፤ ምርጫ ነውና አልከራከርም።

ስትረጩ ጣሳውን ከዕቃው አንድ ስንዝር ከአራት ጣት ያህል፣ ማለት ከ25 እስከ 30 ሳንቲ ሜትር አርቁት። መርጨት የሚጀመረው ከዕቃው ጫፍ ውጭ ነው፤ የሚቆመውም ዕቃው ካለቀ በኋላ ነው። በመሐል ላይ ጀምሮ በመሐል ላይ ማቆም ቀለሙን ያንጠባጥበዋል። በአንድ ጊዜ ለመሸፈን አትሞክሩ፤ ስስ አድርጋችሁ፣ ጥቂት ደቂቃ ጠብቃችሁ፣ ሦስት አራት ጊዜ ደጋግሙ። ክሮም መሳዩ ደግሞ ከሁሉ ይበልጥ ስስ መሆን አለበት፤ ሲበዛ ይደበዝዛል።

ወቅቱንም ምረጡ። በሐምሌና በነሐሴ አትድከሙ፤ አየሩ እርጥብ ሲሆን ቀለሙ እንደ ጉም ይነጣል። እንደ እኔ ከሆነ በጥቅምትና በኅዳር፣ ከረፋዱ አራት ሰዓት ገደማ ፀሐይዋ ሳትከር መሥራት ይሻላል። እኛ ዘንድ ከሰዓት በኋላ ነፋስ ስለሚነሣ እርጥቡን ቀለም አቧራ ያለብሰዋል። የጎረቤትን ልብስም አስቡ። ሁለተኛ ፎቅ በረንዳ ላይ የመስታወት ክፈፍ የምትረጭ አንዲት ሴት፣ ከታች የተሰጣውን የጎረቤቷን ነጠላ ወርቅ አርከፍክፋበት፣ ሁለቱ እስከ ጥምቀት ድረስ ሰላም አልተባባሉም። ሽማግሌ ገብቶ ነው የታረቁት።

ቀለሙ በአንድ ሰዓት ሲነካ ደርቆ ይገኛል። ጠንክሮ የሚያልቀው ግን ቀናት ቆይቶ ነው፤ አልጋ ከሆነ ፍራሹን ለመመለስ አንድ ሳምንት ታገሡ። ናስ ያለበት ወርቃማ ቀለም በእጅ ላብ ስለሚጠቁር ቀለም የሌለው ቫርኒሽ ደርቡበት። በክሮም መሳዩ ላይ ግን ቫርኒሽ ብትደርቡ ብርሃኑ ይሞታል፤ እንደ ግራጫ ቀለም ይሆንባችኋል።

የእናቴ አልጋ ሲያልቅ ኳሶቹን ሰክቼ ጠራኋት። ዙሪያውን ዞረችው፤ አንዱን ኳስ በጥፍሯ ቀስ ብላ አንኳኳችው። «ኒኬል አይደለም» አለች። ቀጥላም «ግን ተኝቼበት አላፍርም» አለች። ከዚያ ወዲህ ዓመታት አልፈዋል። ጠዋት ጠዋት ስትነሣ የምትደገፍበት የቀኙ ኳስ ብሩ ተፍቆ ጥቁሩ ይወጣል፤ እኔም በየዓመቱ ለፋሲካ እሱን ብቻ አውጥቼ እረጨዋለሁ። ሌሎቹ ሦስቱ እንዳሉ ናቸው። ይህ ራሱ ልዩነቱን ይነግራችኋል፤ የተቀባ ነገር ለዓይን ነው፤ እጅ በበዛበት ቦታ አይበረክትም።

እስካሁን ያወራነው የራስን ዕቃ ስለማደስ ነው። ከዚህ በታች የምነግራችሁ ግን በእኛ ሕንፃ ምድር ቤት በስቱዲዮ የምትኖር አንዲት ወጣት እናት ነገር ነው። ሥራዋ የሠርግ ዲኮር ነው። የአበባ መቆሚያውን፣ የሻማ መቅረዙን፣ የኬክ ማስቀመጫውን እየገዛች ወርቃማ ትረጫለች፤ አንዱ ሠርግ ሮዝ ወርቅ ሲፈልግ ደግሞ እንደገና ትረጨዋለች። ከጥር ወር ሠርግ በፊት በሳምንት ከሃያ ጣሳ በላይ ታወጣለች። የምትረጨው እዚያው በምትተኛበት ክፍል ነበር፤ አቧራ እንዳይገባ በሩንም መስኮቱንም ዘግታ። የዘጠኝ ወር ልጇ ወለሉ ላይ ትድሃለች፤ እሷም ሁለተኛውን ፀንሳለች። «ራሴን ያመኛል፤ ቡና ስለማልጠጣ ነው» ትለን ነበር። ልጅቱም ምግብ እንቢ አለች፤ ጥርስ ነው ተባለ።

የሕንፃችን ሴቶች ቡና ላይ ተሰብስበን ሳለ ጉዳዩን ያነሣችው የጤና ባለሙያ የሆነች ጎረቤታችን ናት። የነገረችን ይህ ነው። በጣሳው ውስጥ ያለው ማሟሟያ፣ እንደ ቶሉዊንና ዛይሊን ያለው፣ ራስ ምታትና ማዞር የሚያመጣ ሲሆን፣ ለፀነሰች ሴትና ለጽንሱ ደግሞ አደገኛ ነው። ትነቱ ከአየር ይከብዳል። ስለዚህ ወደ ጣሪያ አይወጣም፤ ወርዶ ወለል ላይ ይተኛል። እናት ቆማ «ሽታው እኮ ቀለለ» ስትል፣ የምትድኸዋ ልጅ ገና በውስጡ ናት። ከኮቪድ ጊዜ የተረፈው የአፍ መሸፈኛም ጠብታውን ያስቀር እንደሆነ እንጂ ትነቱን አያግድም፤ የሚያግደው የከሰል ማጣሪያ የተገጠመለት ጭምብል ነው።

ሌላም አለ። ቀለሙን የሚገፋው ጋዝ ዛሬ በአብዛኛው ፕሮፔንና ቡቴን ነው፤ በሲሊንደር ገዝተን ወጥ የምንሠራበት ዓይነት ማለት ነው። ቀድሞ የማይቀጣጠል ሌላ ጋዝ ይጠቀሙ ነበር፤ እሱ የምድርን የኦዞን ሽፋን ስለሚበላ እ.ኤ.አ. በ1987 በሞንትሪያል በተፈረመው ስምምነት ምክንያት ቀርቷል። ስለሆነም በተዘጋ ስቱዲዮ ውስጥ እየረጩ በዚያው ክፍል ከሰል ማንደድ ወይም ምድጃ መለኮስ በእሳት መጫወት ነው።

ሰው ለወርቅ ብልጭታ በሳንባው ሲከፍል ይህ የመጀመሪያው አይደለም። ኤሌክትሪክ ሳይመጣ በፊት ወርቅ የሚለበጠው በባዜቃ ተለውሶ፣ በእሳት ባዜቃው እንዲተን እየተደረገ ነበር። በሩሲያ በፒተርስበርግ ከተማ የቅዱስ ይስሐቅ ካቴድራል ጉልላት እ.ኤ.አ. በ1830ዎቹ መጨረሻና በ1840ዎቹ መጀመሪያ በዚህ መንገድ ወርቅ ሲለበስ፣ ስልሳ ያህል ሠራተኞች በጭሱ ተመርዘው እንደሞቱ ይነገራል። ጉልላቱ ዛሬም ያበራል።

ለጎረቤታችን «ተዪው» ማለት ቀላል ነበር። ግን ባሏ የቀን ሥራ ሠራተኛ ነው፤ የቤቱ ኪራይ የሚከፈለው ከእሷ ወርቃማ መቅረዝ ነው። «ትቼ ምን ልብላ?» ብትለን መልስ አልነበረንም። ስለዚህ ሌላ ነገር አሰብን። በየካ አባዶ በሕንፃዎቹ መካከል ለእርድ፣ ለድግስና ለልብስ ማጠቢያ የተሠራ የጋራ መጠቀሚያ ቤት አለ። የእኛው ከድግስ ቀን በቀር ባዶውን የሚውል ነበርና፣ የነዋሪዎችን ኮሚቴ ለምነን ከጀርባው ያለውን ጣሪያ ብቻ ያለው ክፍት ቦታ አስፈቀድንላት። ኮሚቴው በመጀመሪያ «ግድግዳው ይበላሻል» ብሎ ሁለት ሳምንት አጉላልቶን ነበር፤ ሸራ እንጋርዳለን ብለን ፈርመን ነው የተፈቀደው። እስክትወልድ ድረስ የሚረጨው እህቷ ሆነ፤ እሷ ከበስተነፋሱ ርቃ ተቀምጣ አበባ ትሰካለች። ልጅቱን በተራ የምንይዘው እኛ ነን። ጭምብሉን በዕቁብ ገንዘብ ገዛን። ራስ ምታቷ ቡና ሳትጀምር ለቀቃት። የወለደችው ወንድ ልጅ አሁን ኳስ እየለጋ መስኮታችንን ያስፈራራል።

የሚረጭ ቀለም የማይነካቸው ዕቃዎች አሉ፤ እነዚህን ሳልጠቅስ አላልፍም። ምግብና መጠጥ የሚነካ ማንኛውም ነገር፣ ትሪው፣ ጭልፋው፣ የሲኒው አፍ፣ የቡናው ማቅረቢያ ውስጡ፣ ፈጽሞ አይረጭም። በቅርቡ አንዲት ዘመዴ ያረጀውን የእንጀራ ትሪዋን ወርቃማ አድርጋ አየሁና፣ ግድግዳ ላይ እንድትሰቅለው ለምኜ አሳምኛታለሁ፤ እውነቱን ለመናገር ግድግዳው ላይ ይበልጥ አምሮበታል። ረከቦት ከሆነ እግሩን ብቻ ርጩት። የእጣን ማጨሻና የከሰል ማንደጃ ይግላሉና ቀለሙ ራሱ ይጨሳል። ሙቀት የሚችል ልዩ ቀለም በገበያ አለ፤ እሱም ቢሆን ለምግብ ዕቃ አይሆንም። የሕፃን አልጋ ጠርዝም አይረጭ፤ ጥርስ የሚያወጣ ልጅ የሚያኘክው እሱን ነው። የቧንቧ እጀታም ትርፉ ድካም ነው፤ ውሃና እጅ ሲፈራረቁበት ወር አይሞላውም።

የጆሮ ጉትቻና የአንገት ሐብልም ተዉ። ቀለሙ በላብ ይለቅና አንገት ላይ ይቀራል። ወርቅ ሠሪ ፊት ቀርቦ «ወርቅ ቅብ ነው» ማለት ነውር የለውም፤ ሻጩም ገዢውም የሚያውቁት ስም ነውና። የተረጨውን ግን «ወርቅ ቅብ» ብሎ መሸጥ ሌብነት ነው። አሮጌ ዕቃ ስትገዙ ጥርጣሬ ካደረባችሁ በማይታየው በኩል በጥጥ ትንሽ አሴቶን፣ ማለት የጥፍር ቀለም ማስለቀቂያ፣ አስነክታችሁ ሞክሩት፤ ጥጡ ብር ወይም ወርቅ ከመሰለ የተረጨ ነው። የተነከረ ኒኬል ጥጡን አያቀልመውም።

ሥራው ሲያልቅ ጣሳውን ገልብጣችሁ ቀለም መውጣቱ ቀርቶ ጋዝ ብቻ እስኪወጣ ድረስ ተጫኑት፤ አፉ አይደፈንም፤ የተረፈውም ለሚመጣው ዓመት ይቆያችኋል። የቀረው ጣሳ በፀሐይ በሚጋል መስኮት ሥርና በምድጃ አጠገብ አይቀመጥ፤ ልጅም እንዳይደርስበት ከፍ ይበል። ባዶው ደግሞ በየሕንፃው ጀርባ ቆሻሻ ከሚቃጠልበት እሳት ውስጥ እንዳይገባ ተጠንቀቁ፤ ባዶ የመሰለው ጣሳ ውስጥ የቀረ ጋዝ ስለማይጠፋ እንደ ቦምብ ይፈነዳል። ለቁራሌው የምትሰጡት ከሆነም ጠብታ እንኳ እስካይቀርበት ድረስ ደጅ አስተንፍሱትና፣ ምን እንደነበረ ነግራችሁ ስጡት፤ ልጁ ጣሳውን በድንጋይ ጠፍጥፎ ነው ጆንያው ውስጥ የሚከተው።